የመካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊ ጠበቃ የዘር ሐረግ እንዴት ይፈለጋል? በፓስተን ቤተሰብ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በሕግ ሙያ ተነሥቶ ባለርስት የሆነ ሰው ከየት እንደመጣ ማወቅ ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው። በማሳያነት የያዝነው የኖርፎኩን ዳኛ ዊሊያም ፓስተንንና ዘሮቹን ነው። በሕግ ሀብት ያፈሩ የዘመኑ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይህን ቤት ልዩ የሚያደርገው ወዳጅም ጠላትም ስለ ትውልዱ የጻፈው ሳይጠፋ መቆየቱ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዊሊያም ፓስተን ማን ነበር?

በ1378 በኖርፎክ ሰሜናዊ ምሥራቅ ጠረፍ በምትገኘው፣ ቤተሰቡ ስሙን በወሰደባት በፓስተን መንደር ተወለደ። አባቱ ክሌመንት፣ እናቱ ቢያትሪስ ይባላሉ። ሕግ ተምሮ በአገሩ የነበሩትን ታላላቅ ሰዎችና ገዳማት በምክር አገለገለ፤ የኖርዊች ጳጳስም የርስታቸው አስተዳዳሪ አድርገውት ነበር። ቀጥሎ የሰርጀንትነት ማዕረግ አገኘ። ይህ ማዕረግ ኮመን ፕሊስ በሚባለው የንጉሡ ፍርድ ቤት ቆመው መከራከር ለሚችሉ ጥቂት ጠበቆች ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ዳኞችም የሚመረጡት ከእነዚሁ መካከል ነበር። በ1429 በዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ተሾመ። በኦገስት 1444 ለንደን ውስጥ ሞተ፤ የተቀበረውም በኖርዊች ካቴድራል ነው።

ከደመወዙና ከጥብቅና ገቢው ያጠራቀመውን ገንዘብ ወደ መሬት ለወጠው። በ1420 የሰር ኤድመንድ ቤሪን ልጅና ወራሽ አግነስን አገባ። በ1427 የግሬሻምን ርስት ከቶማስ ቾሰር፣ ማለትም ከታዋቂው ባለቅኔ ከጄፍሪ ቾሰር ልጅ ገዛ። በአንድ ሰው ዕድሜ ከመንደር ወደ ንጉሡ ችሎት የተደረገ ጉዞ ነውና፣ ጎረቤቶቹ «ይህ ሰው የማን ልጅ ነው?» ብለው መጠየቃቸው አያስደንቅም።

የጠበቃን ዘር ማግኘት ከሌላው ሰው ይልቅ ይቀላል?

በአንድ በኩል ይቀላል። ጠበቃ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ለሌላው ምስክር ይሆናል፣ በአደራ መሬት ይይዛል። በእያንዳንዱ እርምጃው ስሙን አንድ ጸሐፊ በብራና ላይ አኑሮለታል። ከእርሱ ጋር በአንድ መንደር ያደጉት ገበሬዎች ግን ስማቸው ተፈልጎ አይገኝም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰነድ እንዴት እንደሚሠራና ምን ቢጻፍበት ዳኛ እንደሚቀበለው ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው ጠበቃው ራሱ ነው። ትውልዱን ከፍ ማድረግ ቢፈልግ መሣሪያው በእጁ ነው። ስለዚህ በዚህ ገጽ የምንከተለው መመሪያ እንዲህ የሚል ነው፦ ዘርን ለማስረዳት ተብሎ የተጻፈ ሰነድ መጨረሻ ይነበብ፤ ግብር ለመሰብሰብ፣ ዕዳ ለመጠየቅ ወይም መሬት ለማስተላለፍ የተጻፈው ይቅደም። የኪራይ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ስለ ተከራዩ አያት ክብር የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ቸኩለው ከተዘጋጀ የዘር ሐረግ የሚጀምሩ ሰዎች ሌላው ሰው ሊያሳምናቸው የፈለገውን ነገር እንደ ግኝት ይዘው ሲወጡ ማየት ያሳዝነኛል።

ከየት ልጀምር?

ከሞቱ ይጀምሩ። ብዙዎች በመጀመሪያ የጥምቀት መዝገብ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን የእንግሊዝ አጥቢያዎች ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ የታዘዙት በ1538 በቶማስ ክሮምዌል ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ለነበረ ሰው መወለዱ ሳይሆን መሞቱ ነበር መንግሥትንና ቤተ ክርስቲያንን የሚያሳስበው፤ ርስት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ያን ጊዜ ነውና።

የመጀመሪያው ሰነድ ኑዛዜ ነው። በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት የጸደቁ ኑዛዜዎች ከ1380ዎቹ ጀምሮ ለንደን አጠገብ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዛግብት ተቀምጠዋል። የኖርዊች ሀገረ ስብከት ኑዛዜዎች ደግሞ ከ1370 ጀምሮ በኖርፎክ መዛግብት ቤት ይገኛሉ። ኑዛዜውን ሲያነቡ ከገንዘቡ ይልቅ ሟቹ የት ልቀበር እንዳለና ለማን ነፍስ ጸሎት እንዳዘዘ ይመልከቱ። የዊሊያም አባት ክሌመንት በ1419 ሲናዘዝ በፓስተን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሚስቱ ከቢያትሪስ መቃብር አጠገብ መቀበር እንደሚፈልግ ገልጿል። ከዚህ አንድ ቃል ሦስት ነገር እናገኛለን፦ የሚስቱን ስም፣ ቀድማው መሞቷን፣ እንዲሁም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለመቀበር የሚበቃ ከበሬታ እንደነበረው። ጠላቶቹ በኋላ ስለ እርሱ የጻፉትን ስናይ ይህ ሦስተኛው ነጥብ ያስፈልገናል።

ኑዛዜ ላይ ስሙ ያልተጠቀሰ ልጅ አልነበረም ብለው ግን አይደምድሙ። የበኩር ልጅ መሬቱን በሕግ ስለሚወርስ አንዳንዴ ስሙ ጨርሶ አይነሣም።

የሟች ርስት ምርመራ የሚባለው ምንድን ነው?

ከንጉሡ በቀጥታ መሬት የያዘ ሰው ሲሞት የንጉሡ ሹም በየግዛቱ የአካባቢ ሰዎችን ሰብስቦ በመሐላ ይጠይቃል፦ ሟቹ ምን ያህል መሬት ነበረው? ከማን ይዞት ነበር? መቼ ሞተ? የቅርብ ወራሹ ማን ነው? ዕድሜውስ ስንት ነው? መልሱ በላቲን ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ለንጉሡ ቢሮ ይላካል። ይህ አሠራር ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እስከ 17ኛው አጋማሽ ቆይቷል። ለትውልድ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ሰነድ የለም፤ አባትና ልጅን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያገናኛል።

ዕድሜውን ግን በጥንቃቄ ይያዙት። መሐለኞቹን የሚያሳስባቸው ወራሹ 21 ዓመት ሞልቶታል ወይ የሚለው ብቻ ነበር፤ ካልሞላው ንጉሡ ሞግዚትነቱን ይወስድና ገቢውን ይበላል። ስለዚህ «21 ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚለው አነጋገር 22 ዓመት ወጣትንም 40 ዓመት ጎልማሳንም ሊያመለክት ይችላል። ወራሹ በኋላ ዕድሜዬ ደርሷል ሲል ደግሞ ሌላ ችሎት ይቆማል፤ ምስክሮችም እየቀረቡ «በተጠመቀበት ቀን እኔ ከፈረስ ወድቄ እግሬ ተሰበረ» ዓይነት ቃል ይሰጣሉ። እነዚህ ምስክርነቶች ሲነበቡ ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ቃል ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ሲዞር ስለሚታይ ዝርዝሩን ሁሉ እንደ እውነት መቀበል አይገባም።

ጠበቆች መሬታቸውን ከመዝገብ ይሰውሩ ነበር የሚባለው እውነት ነውን?

እውነት ነው፤ ያውም በሕጋዊ መንገድ። ባለርስቱ በሕይወት ሳለ መሬቱን ለሚያምናቸው ሰዎች ያስተላልፋል፤ እነርሱም ለእርሱና ለወራሾቹ ጥቅም በአደራ ይይዙለታል። ሲሞት በስሙ መሬት ስለማይኖር የንጉሡ ሹም የሚመረምረው ነገር ያጣል፤ ሞግዚትነቱም ይቀራል። ይህን ዘዴ ለደንበኞቻቸው የሚያዘጋጁት ጠበቆች ለራሳቸው ቤት ባይጠቀሙበት ነበር የሚገርመው።

ስለዚህ የምርመራ ሰነድ አለመገኘቱ ሰውየው ድኻ እንደነበረ አያሳይም። እንዲህ ሲሆን ወደ አደራ ያዢዎቹ ስም ይሂዱ። አደራ የሚሰጠው ለአማች፣ ለወንድም፣ ለሥራ ባልደረባና ለደብሩ ቄስ ነው፤ የስሞቹ ዝርዝር ራሱ የቤተሰቡን ዝምድናና ወዳጅነት ያሳያል። ከተለያዩ ዓመታት የተገኙ ዝርዝሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማን እንደቀረና ማን እንደተጨመረ መከታተል አድካሚ ሥራ ነው። ቢሆንም የእናቱን ወገን የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

በፍርድ ቤት መዛግብት ውስጥ ምን አገኛለሁ?

እጅግ ብዙ። የኮመን ፕሊስ መዝገብ በየዓመቱ በአራት የችሎት ወቅቶች የተጻፈ የብራና ጥቅል ሲሆን፣ በኪው ሲፒ 40 በሚል መለያ ተቀምጧል። አንዱ ጥቅል በመቶ የሚቆጠሩ ብራናዎች ሊይዝ ይችላል። በግራ ኅዳጉ ላይ የግዛቱ ስም በአጭሩ ስለሚጻፍ የኖርፎክ ጉዳዮችን በዓይን እያሰሱ መሄድ ይቻላል። የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ እነዚህን ጥቅልሎች ፎቶ አንሥቶ በነፃ ለሕዝብ አቅርቧል። አዲስ አበባም ቴል አቪቭም ዋሽንግተንም ሆኖ በ15ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ እጅ የተጻፈውን ብራና በስልክ መመልከት መቻል ለእኔ ዛሬም የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው የመሬት ስምምነት ሰነድ ነው። መሬት የሚሻሻጡ ሰዎች የይምሰል ክስ መሥርተው ፍርድ ቤት ፊት ይታረቃሉ፤ ስምምነቱ በአንድ ብራና ላይ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ይቆረጣል። ሁለቱን ባለጉዳዮቹ ይወስዳሉ፤ ከግርጌ የተቆረጠው ሦስተኛው ከ1195 ጀምሮ በንጉሡ ግምጃ ቤት ሲቀመጥ ኖሯል። ባልና ሚስት አብረው ስለሚጠቀሱበት ሚስት ያመጣችውን መሬት ለማወቅ ይረዳል።

ሦስተኛው ይር ቡክስ የሚባለው የችሎት ክርክር ዘገባ ነው። ሰርጀንቱ በችሎት ፊት የተናገረው የሚገኘው እዚህ እንጂ በብራና ጥቅልሉ ላይ አይደለም። ስለ ዘር ብዙም አይነግርም፤ ሰውየው በየትኛው ዓመት በሥራ ላይ እንደነበረ ግን ያረጋግጣል።

አንድ ሕግ ደግሞ ሊታወቅ ይገባል። ከ1413 ጀምሮ ተከሳሽ ሲጠራ የመኖሪያው ስፍራና የኑሮ ደረጃው አብሮ እንዲጻፍ ታዘዘ፤ ጄንትልማን (ባላባት) ነው፣ ዮማን (ሻል ያለ ነፃ ገበሬ) ነው፣ ወይስ ተራ ገበሬ? አንድ ቤተሰብ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከገበሬነት ወደ ጄንትልማንነት ሲሻገር በእነዚህ ቃላት ላይ ይታያል። ከዚህ ጋር የንጉሡን የምሕረት መዝገብ ይመልከቱ። ምሕረት የሚገዛ ሰው አንድም ክስ እንዳያመልጠው ስሞቹን፣ መኖሪያዎቹንና መጠሪያዎቹን ሁሉ ያስመዘግባል። የኖርፎኩና የለንደኑ ሰው አንድ መሆኑን ብዙ ጊዜ የሚያረጋግጥልን ይህ መዝገብ ነው።

የተማረበትን የሕግ ትምህርት ቤት ማወቅ ይቻላል?

ሁልጊዜ አይቻልም። ሕግ የሚማሩት ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ሳይሆን ለንደን በነበሩት ኢንስ ኦፍ ኮርት በሚባሉ የጠበቆች ማኅበራት ነበር። የሊንከንስ ኢን መዝገብ ከ1422 ይጀምራል፤ የሚድል ቴምፕልና የኢነር ቴምፕል ተከታታይ መዝገቦች ግን የሚጀምሩት በ16ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ነው፤ የግሬይስ ኢን ከዚያም ይዘገያል። በ1381 የተነሡት ዓመፀኞች ቴምፕል ወደሚባለው የጠበቆች ሰፈር ገብተው የጠበቆቹን መጻሕፍትና ሰነዶች አቃጥለዋል። ዊሊያም የተማረው ከ1422 በፊት ነው፤ በመዝገብ ከመፈለግ ይልቅ በሌላ ማስረጃ መደገፍ ይሻላል።

ታዲያ የዳኛው አባት ገበሬ ነበር ወይስ ባላባት?

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠየቀው ይህ ነው። ሁለት ተቃራኒ ሰነዶች አሉን፤ ሁለቱንም ማንበብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በ15ኛው መቶ ዘመን የፓስተኖች ጠላት የጻፈው ማስታወሻ ነው። እንደ እርሱ አነጋገር ክሌመንት ደህና ግን ተራ ገበሬ ነበር። በክረምትም በበጋም ከሞፈር አይለይም፤ እህሉን ጭኖ፣ ኮርቻ በሌለው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ዱቄቱን ይዞ በዚያው ይመለሳል። መሬቱ ቢበዛ ከ100 እስከ 120 ኤከር ነው፤ በእኛ ልኬት አንድ ጋሻ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ የሚል ማለት ነው። ከዚያም ብዙው የጊሚንግሃም ጌቶች የገባር መሬት ነው። ያገባትም ሴት ከመሬት ጋር የታሰረች ገባር ነበረች ይላል። ልጁን ዊሊያምን ያስተማረው ተበድሮ ነው፤ በኋላ የረዳው የእናቱ ወንድም ጄፍሪ ሲሆን፣ እርሱም ራሱን ሶመርተን ብሎ ይጥራ እንጂ እውነተኛ ስሙ ጎኔልድ ነው፤ ሥራውም የኃጢአት ማስተስረያ ደብዳቤ መሸጥና የሕግ ጉዳይ ማስፈጸም ነበር።

ሁለተኛው የንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ቃል ነው። የዊሊያም ልጅ ጆን ከባለጸጋው ከሰር ጆን ፋስቶልፍ በ1459 የካይስተርን ቤተ መንግሥትና ብዙ ርስት ወረስኩ ባለ ጊዜ ተቀናቃኞቹ ተነሡበት። ከቀረቡበት ክሶች አንዱ «ይህ ሰው በትውልዱ የንጉሡ ገባር ነው» የሚል ነበር። ክሱ ስድብ ብቻ አይምሰልዎ፤ ገባር የያዘው ሁሉ የጌታው ነውና ቢረጋገጥ ቤተሰቡ ያለውን በሙሉ ያጣ ነበር። ጆን በሜይ 1466 ሞተ። ከሁለት ወር በኋላ ንጉሡ ከአማካሪዎቹ ጋር ማስረጃውን አይቶ ፓስተኖች ከኖርማን ወረራ (ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙበት ጊዜ) ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የክቡር ደም ልጆች ናቸው ሲል አወጀ። የቀረበው የዘር ሐረግ መነሻ ዉልስታን የሚባል ከፈረንሳይ መጣ የተባለ ሰው ነው። የብሮምሆልምን ገዳም ከመሠረተው ከግላንቪል ጋርም ዝምድና ቆጥረዋል።

የትኛውን እንመን? ጠላት የጻፈው እንደ ሐሜት ቢመስልም ዝርዝሩ የመንደር ሰው ያየውን ይመስላል፤ ወፍጮው፣ ኤከሩ፣ የአጎቱ ሁለት ስም ሁሉ በቀላሉ ሊመረመሩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። የንጉሡ አዋጅ ደግሞ የተሰጠው ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ባቀረቡት ሰነድ ላይ ተመሥርቶ ነው። እኔ ክሌመንት የራሱን መሬት የሚያርስ፣ ከጎረቤቶቹ ትንሽ ሻል ያለ ነፃ ገበሬ ነበር ብዬ አምናለሁ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሚስቱ አጠገብ የተቀበረ ሰው የመንደሩ መናኛ አልነበረም። ከወራሪዎቹ ኖርማኖች ጋር የመጣ ባላባት መሆኑን የሚያሳይ ግን ከክርክሩ ውጭ የተጻፈ ነገር ያስፈልገኛል። የገባር መሬት መያዝና ራስ ገባር መሆንም አንድ አይደሉም፤ በዚያን ጊዜ ነፃ ሰዎች የገባር መሬት ተከራይተው ያርሱ ነበር። የጠላት ማስታወሻ ሁለቱን አቀላቅሎ ያለፈው ሆን ብሎ ይመስለኛል።

ፓስተን የሚል ስም ያለው ሁሉ ዘመድ ነው?

አይደለም። ለእኛ ለአባት ስም ለለመድነው ይህ በጣም ያሳስታል። ፓስተን የሰው ስም ሳይሆን የመንደር ስም ነው፤ ከዚያ መንደር ወጥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረ ሁሉ በዚህ ስም ሊጠራ ይችላል። ዊሊያም ራሱ በ1420ዎቹ ይህ ገጥሞታል። የብሮምሆልም ገዳም መነኩሴ የነበረ ጆን ወርትስ ራሱን ፓስተን እያለ የዳኛው የአጎት ልጅ ነኝ ይል ነበር፤ ዊሊያም በደብዳቤው ዝምድናውን አጥብቆ ክዷል። ጎኔልድ የነበረው አጎት ሶመርተን መባሉም በዚያ ዘመን ስም እንደ ቦታና እንደ ኑሮ ይለዋወጥ እንደነበር ያሳያል። ዝምድናን በስም ሳይሆን በመሬት ያረጋግጡ፤ ያው ማሳ ከአንዱ ወደ ሌላው በውርስ ካለፈ ማስረጃ አለዎት።

ውርሱን ሲከታተሉ የራሳችንን የርስት ልማድ ይርሱት። በእኛ አገር ርስት በአባትም በእናትም ተቆጥሮ ለተወላጁ ሁሉ ይደርስ ነበር። በእንግሊዝ የጋራ ሕግ ግን መሬቱን በሙሉ የሚወስደው የበኩር ወንድ ልጅ ነው፤ ወንድ ከሌለ ሴቶች ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ታናናሾቹ ከመዝገብ የሚጠፉት ስለሞቱ ላይሆን ይችላል፤ መሬት ስላልደረሳቸው ነው።

በሴቶቹ በኩል መከታተል ይቻላል?

ይቻላል፤ በዚህ ቤት ደግሞ ዋናው ታሪክ እዚያ ነው። አግነስ ከባሏ በኋላ እስከ 1479 ኖራለች። ባሏ በሞተ በስድስት ወር ገደማ፣ በፌብሩዋሪ 1445፣ ለንደን ሕግ ለሚማረው ልጇ ለኤድመንድ በላከችው ደብዳቤ ፓስተን ላይ የሚኖር ሰው ራሱን መከላከል ማወቅ አለበት የሚለውን የአባቱን ምክር አስታውሳዋለች። የጆን ሚስት ማርጋሬት ሞትቢ የወላጆቿን ርስት ይዛ መጣች። ሎርድ ሞሊንስ ግሬሻምን በነጠቃቸው ጊዜ ለባሏ ስትጽፍ ቀስተ ደጋን ላክልኝ ካለች በኋላ በዚያው ደብዳቤ ለውዝና ስኳር እንዲገዛላት አዝዛዋለች። የዚህችን ሴት ደብዳቤዎች የሚያነብ ሰው የዘር ሐረግ ማለት የስሞች መሰላል ብቻ አለመሆኑ ወዲያው ይገባዋል።

የዳኛው ልጅ ኤልሳቤጥ ነገር ልብ ይነካል። በ1449 ገደማ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ስላላገባች እናቷ ደጋግማ ደብድባታለች፤ ራሷ ሁለትና ሦስት ቦታ እንደተፈነከተ አንዲት ዘመድ ጽፋለች። በኋላ ሮበርት ፖይኒንግስን አገባች፤ እርሱም በ1461 በሴንት ኦልባንስ ጦርነት ሞተ። ልጃቸው ሰር ኤድዋርድ ፖይኒንግስ በአየርላንድ የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ በ1494 በስሙ የሚጠራውን ሕግ ያስወጣ ነው። ወንዶቹን ብቻ የሚከታተል ተመራማሪ ይህን የዳኛውን የልጅ ልጅ ያጣዋል።

የቤተሰብ አርማና በሹማምንት የተመዘገበ የዘር ሐረግ ይታመናል?

የአርማ መዝጋቢዎቹ ከ1530 እስከ 1688 በየግዛቱ እየዞሩ የባላባቶችን ትውልድ መዝግበዋል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ትውልዶች ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው፤ ተናጋሪው አያቱን ያውቃልና። ከዚያ ወደ ላይ ያለው ቤተሰቡ የነገራቸው ነው። እንደ ፍንጭ ይጠቀሙበት።

የሰነዶቹን ቀን እንዴት ወደ ዓመተ ምሕረት ልመልስ?

ሰነዶቹ የሚቆጥሩት በንጉሡ የዘውድ ዓመትና በበዓላት ነው፤ ይህ የእኛን ዜና መዋዕል ለሚያነብ ሰው እንግዳ አይሆንም። ሄንሪ ስድስተኛ የነገሠው በ1 ሴፕቴምበር 1422 ስለሆነ ሃያ ሁለተኛ ዓመቱ ከሴፕቴምበር 1443 እስከ ኦገስት 1444 ይደርሳል፤ ዊሊያም የሞተው በዚህ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። አዲስ ዓመት ይቆጠር የነበረው ከ25 ማርች በመሆኑ ከጃንዋሪ እስከዚያ ቀን ያለ ሰነድ በዛሬው አቆጣጠር አንድ ዓመት ይጨመርበታል። በዓላቱን ደግሞ በእኛ ስንክሳር አይተርጉሙ። የእነርሱ ቅዱስ ሚካኤል 29 ሴፕቴምበር ሲሆን የእኛ የኅዳሩ ሚካኤል ኖቬምበር ውስጥ ይውላል፤ የችሎት ወቅቱም ስያሜውን ያገኘው ከእነርሱ ሚካኤል ነው።

ላቲን ካላወቅሁስ?

ለመጀመር አያግድዎትም። የርስት ምርመራዎቹና የንጉሡ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ተጠቃለው ታትመዋል። ፓስተኖች እርስ በርሳቸው የተጻጻፉት በዘመኑ እንግሊዝኛ ነው። የችሎቱ ብራና ግን አጽሕሮተ ቃል የበዛበት ላቲን ነው፤ ቀመሮቹ ስለሚደጋገሙ ጥቂት ወራት የሠራበት ሰው ስምና ቦታ መልቀም ይችላል።

ደብዳቤዎቹ እንዴት ተረፉ? የትስ ይገኛሉ?

ከ1,000 የሚበልጡት ደብዳቤዎችና ሰነዶች የተረፉት ለፍቅር ተብለው አይደለም፤ በርስት ክርክር ማስረጃ ይሆናሉ ተብለው ነው። ከኮመን ፕሊስ ዳኛ ቤት የሚጠበቅ ልማድ ነው። በ1735 የኖርፎክ ታሪክ ጸሐፊው ፍራንሲስ ብሎምፊልድ በኦክስኔድ የነበረውን የቤተሰቡን የሰነድ ክፍል መረመረ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹ ከእጅ ወደ እጅ አለፉ። ጆን ፌን በ1787 ማሳተም ጀመረና ዋናዎቹን ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አበረከተ፤ እነዚያም የገቡበት ሳይታወቅ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆዩ። በመካከሉ የፈጠራ ሥራ ናቸው ብለው የተጠራጠሩ ሁሉ ነበሩ። በ1889 ሰፎክ ውስጥ በአንድ ባላባት ቤት ተገኙ፤ ዛሬ አብዛኛዎቹ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው።

ወደ ኪው በአካል መሄድ ለሚችሉ የንባብ ካርድ የሚሰጠው በነፃ ነው፤ መታወቂያና የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ይያዙ። በንባብ ክፍሉ እስክሪብቶ አይፈቀድም፤ እርሳስ ብቻ ነው። የሚፈልጉትን ጥቅል ቁጥር አስቀድመው ከድረ ገጹ ማውጣትዎ ግማሽ ቀን ያተርፍልዎታል።

የዊሊያም ዘር ዛሬ አለ?

ዋናው መስመር ከልጅ ልጁ ከጆን ሦስተኛና በፌብሩዋሪ 1477 የቫለንታይን ደብዳቤ ከጻፈችለት ከማርጀሪ ብሩስ ይወርዳል። ከእነርሱ ዘር ሰር ዊሊያም ፓስተን በ1606 ኖርዝ ዎልሻም ላይ ትምህርት ቤት መሠረተ፤ አድሚራል ሆሬሺዮ ኔልሰን በልጅነቱ እዚያ ተምሯል። ሮበርት ፓስተን በ1679 የያርማውዝ ኧርል ተባለ። ልጁ፣ ሁለተኛው ኧርል፣ በዕዳ ተዘፍቆ በ1732 ሲሞት ማዕረጉን የሚወርስ ወንድ ልጅ አልነበረም። ዛሬ ከዳኛው እወለዳለሁ የሚል ሰው ከማዕረጉ መስመር ይልቅ ወደ ሌሎች ተራ ልጆችና ወደ ሴቶቹ መስመር መሄድ ይኖርበታል፤ ከ1538 ወዲህ ላሉት ትውልዶች ደግሞ የአጥቢያ መዝገቦቹ ይረዱታል።